ቆማ የምትበላው ደራሲ

ተኚ ልጄ ተኚ፣ በራችን ተዘግቷል፣
ነፋሱም ደክሞታል፣ ውሻው አንቀላፍቷል…

እዚህ ላይ ስትደርስ ቃሉ ያልቅባታል። ዜማው ግን አያልቅም። የቀረውን በአፍንጫዋ ታንጎራጉረዋለች፤ ወጣ ይላል፣ ወረድ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ደጅ ቆሞ ለመግባት እንደሚያመነታ ሰው ዘግየት ብሎ ያበቃል። ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉራለች። የፎቁን ደረጃ ስትወጣ በየማረፊያው ቆም ብላ ትንፋሿን እየሰበሰበች ታንጎራጉራለች። ሰው ስትገድልም እንዲሁ።

የምትገድለው በወረቀት ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሬሳ» ይላታል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊት ነው የሚጠራት፣ እሷም «አቤት» ትላለች። ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ የሹራቧን ቁልፍ እስከ አንገቷ የምትቆልፍ ሴት ናት። መንገድ ስትሻገር መኪና የማይመጣበትንም አቅጣጫ ታያለች። በረሮ ካየች ወንበር ላይ ትወጣለች። ይህችው ሴት በመጻሕፍቷ ውስጥ በገመድ፣ በትራስ፣ በመርዝ፣ በአሳንሰር፣ አንዴም በፒያኖ ክዳን ሰው ገድላለች። ስንት መጽሐፍ እንደጻፈች ሲጠይቋት ጣቶቿን ማጠፍ ትጀምርና መሀል ላይ ትታው «ብዙ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ» ትላለች።

ከፎቁ ምድር ቤት ያለው ፋርማሲስት አዲስ መጽሐፍ መጀመሯን ከሁሉ ቀድሞ ያውቃል።

«ሻይ ውስጥ ገብቶ የማይመር ምን አለህ?» ትለዋለች ከወረፋው መሀል።

ወረፋው በሙሉ ወደሷ ይዞራል።

«እነግርዎታለሁ እትዬ፤ መጀመሪያ ግን እቤት ማን አለ?»

«ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ችግር የለም» ይልና ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ «ደራሲ ናቸው፣ አይዟችሁ። ሟቾቹ በሙሉ ገጽ ላይ ነው ያሉት» ብሎ ያረጋጋል።

እንዲህ እየተሳቀ አንድ ነገር ብቻ ማንም ሳያነሳባት ይኖራል። ይህች ሴት ተቀምጣ ስትበላ ያያት ሰው የለም። ሰው ቤት ስትጋበዝ ሳህኗን ይዛ መስኮት ጥግ ትቆማለች። በራሷም ቤት ምግቧን ከምድጃው አጠገብ ቆማ ጎረስ ጎረስ አድርጋ ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛዋ ትመለሳለች። «የደራሲ አመል ነው» ይላሉ። የደራሲ አመል አልነበረም። ነገሩ የእህትማማቾች ነው።

እናታቸው ሁለቱን ልጆች የምታስተኛው ከጋራዥ ጀርባ በነበረችው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ አልጋ ላይ ነበር። ታናሺቱ በግድግዳው በኩል፣ ታላቂቱ በዳር፣ እናት በመሀል። አባትየው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስለነበር የመጨረሻውን ዙር ጨርሶ እስኪመጣ እናትየው ያንን ዜማ ትላለች። ከየት እንዳመጣችው አይታወቅም፤ ከሌላ ከማንም አፍ ተሰምቶ አያውቅም። ከራሷ አውጥታው ይሆናል። ታናሺቱ ውሻው ሲያንቀላፋ አብራው ታንቀላፋለች። አንድም ቀን ከዚያ አልፋ አታውቅም። ዜማው ሥራውን በደንብ ስለሚሠራባት መጨረሻውን ሳትሰማው ቀረች። ነቅታ እስከ ዳር የምትሰማው ታላቂቱ ብቻ ነበረች።

እናት ታናሺቱ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ሞተች። አባት አውቶቡሱን ከነሐዘኑ ጥቂት ዓመት ነድቶ እሱም ተከተላት። ታላቂቱ ትምህርቷን ትታ ከአንዲት መበለት ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባች፤ መርፌ መያዝ ለመደች፣ ከዚያ መኪና መርገጥ፣ ከዚያ የራሷን መኪና። ታናሺቱን አበላቻት፣ አለበሰቻት፣ ታይፕ ትምህርት ቤት አስገባቻት። አንድ ነገር ብቻ አላደረገችላትም። ከእናቷ ሞት በኋላ አልዘፈነችም። ልጅቱ እንቅልፍ እምቢ ስትላት መኪናውን ታስነሳና በባዶው ትረግጥላታለች። ልጅ በልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይተኛል፤ ቢነገር ማን ያምናል!

ታላቂቱ «ሚጣ» ትላታለች። ሚጣ ደግሞ እህቷን «እታለም» እንጂ በሌላ ጠርታት አታውቅም።

ሚጣ ታይፕ ተምራ የተቀጠረችው በአንድ ሆስፒታል፣ አስከሬን በሚመረመርበት ክፍል ነው። «እትዬ ሬሳ» የሚለው ስም የመጣው ያን ጊዜ ነው እንጂ በመጽሐፉ አይደለም። ክፍሏ ከምርመራው ክፍል የሚለያት አንድ የመስታወት መስኮት ነበር፤ መስታወቱ ግማሹ በነጭ ቀለም ተቀብቷል። ሐኪሙ ከዚያ ወዲያ ሆኖ በቴፕ የቀዳውን ድምፅ እሷ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ትጽፋለች። የዕድሜ ግምት። የሰውነት አቋም። የጉዳቱ ስፋት። የሐኪሙ ድምፅ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ዕቃ ሲያስረክብ ያለው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ አይከፋው፣ አይደሰት። እሷም በዚያ ድምፅ መጻፍን ለመደች። በኋላ ተቺዎች «ደም ሲፈስ እንኳ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም» ብለው ያደነቁት አጻጻፍ የሐኪሙ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሰው መጣ። ከደረጃ ሥር ተገኝቶ ነው፤ የልብ ድካም። ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «በቀኝ እጁ ቁልፍ ጨብጧል» የሚል ነበረበት። ቁልፉን ፖሊስ ወሰደው። በሩ የማን እንደሆነ፣ ከበሩ ወዲያ የሚጠብቅ ሰው ይኑር አይኑር ግን ሪፖርቱ አይልም፤ የሪፖርት ሥራ አይደለማ። ሚጣ ምሳዋን ትታ አዲስ ወረቀት አስገባችና ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጠችው፤ በሰው በር ላይ ቆሞ የቤቱን ትንፋሽ ለሚያዳምጥ፣ ሁሉም ሲተኛ ለሚገባ። ይህ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሳለ የሚያንጎራጉረው ነገር ያስፈልገው ነበር። ጣቶቿ እሷን ሳያማክሩ የእናቷን ሁለት መስመር ጻፉ። የቀረውን ስለማታውቀው ያንን ቁልፍ እያሰበች ራሷ ሞላችው፦

ሲጠበቅ የዋለው ከደጃፍ ላይ ቆሟል፣
ቁልፉን በጁ ይዞ ትንፋሽሽን ሰምቷል።

«ባለቁልፉ» የሚለው የመጀመሪያ መጽሐፏ እንዲህ ተወለደ። ያሳተመላት ሰው ያኔ የሠርግ ካርድና ደረሰኝ የሚያትም፣ ጣቱ ከቀለም የማይጸዳ አታሚ ነበር። ለሙከራ ያተመው አልቆ እንደገና አተመ፤ ያም አልቆ እንደገና። ሰው አውቶቡስ ላይ ያነበዋል፣ ቢሮ ውስጥ መሳቢያ ከፍቶ ያነበዋል። ሕፃናት ጨለማ ደረጃ ላይ ተደብቀው «ሲጠበቅ የዋለው…» እያሉ እርስ በርስ ይሯሯጣሉ። ከዚያ «ባለቁልፉ ተመለሰ»፣ ከዚያ «ሰባተኛው ፎቅ»፣ ከዚያ የመርዝ፣ ከዚያ የመስታወት፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል።

እታለም መጽሐፉን አላነበበችም። የሰማችው ከደንበኛ ነው። አንዲት ሴት ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ክንዷን ዘርግታ እንደቆመች ዜማውን በአፍንጫዋ ማለት ጀመረች። እታለም በከንፈሯ መርፌ እንደያዘች ቀና አለች።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«እንዴ፣ አታውቂውም? የገዳዩ ዜማ እኮ ነው! እህትሽ አይደለች እንዴ የጻፈችው?»

እታለም መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አውጥታ ትራሱ ላይ ሰካች። የዚያን ቀን ቀሚሱ አልተለካም።

በማግስቱ ሚጣ እንደወትሮዋ ለምሳ መጣች። ጠረጴዛው ላይ የሷ ሳህን አለ፤ ማንኪያውም አለ። ወንበሯ ግን የለም። ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ የተሰፋ ኮት ተሰቅሎበታል።

«ወንበሬስ?»

«የእማማን ዜማ ለነፍሰ ገዳይ ሰጠሽው።»

ሚጣ ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ኮት አየች።

«ልጅ የሚያስተኛበት ነበር። አሁን ልጅ እየሮጠ የሚሸሽበት ሆነ። እስክትመልሺው ድረስ ከማዕዴ አትቀመጪም።»

«እሺ… ቆሜስ?»

«ቆመሽ ብዪ፣ ማን ከለከለሽ? ጠግበሽ ሂጂ። ልብስሽንም እሰፋልሻለሁ፣ ስትታመሚም እመጣለሁ። መቀመጥ ግን የለም።»

እታለም ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ሚጣም ብትሆን «ይቅርታ» ማለትን ከሆስፒታሉ አልተማረችም። እንዲህ ሆነው ቀሩ። ሆድና ጀርባ አልሆኑም፤ ሰው የሚያይባቸው ጠብ አልነበረም። በየሳምንቱ ትመጣለች፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማ ትበላለች፣ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉም። ወንበሩ ግን ከግድግዳው አልተነቀለም። ቆሞ መብላቱ በኋላ ከእህቷ ቤት አልፎ ወደ ሌላውም ቤት ተከተላት፤ ከእህቷ ጠረጴዛ ያልተቀመጠች ከማን ጠረጴዛ ትቀመጣለች?

አንድ ነገር ግን ለሚጣ ቀስ እያለ ገባት።

«ልብስ ሰፊዋን በመቀስ ገደልሻት አሉ» አለቻት እታለም አንድ ቀን፣ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ።

«ማን አለ?»

«ሰው። ደንበኛ። ሰው ሲያወራ ጆሮዬን ልድፈነው እንዴ?» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «የጨርቅ መቀስ ደግሞ እንደዚያ አይወጋም። ጫፉ ዱልዱም ነው። ትንሿ የክር መቀስ ናት የምትወጋው።»

«እሱንም ደንበኛዋ ናት ያለችሽ?»

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

በሌላ ጊዜ ደግሞ ምስር እየለቀመች ሳለ ከመሬት ተነስታ፣ «ዶክተሩ ነው ብዬ ነበር እኮ። ዘበኛውን በከንቱ ጠረጠርኩት» አለች። ከዚያ ቀና ብላ የእህቷን ዓይን አየችና «ማለቴ፣ ደንበኛዬ እንዲህ ስትል ነበር» ብላ ወደ ምስሩ ተመለሰች። የእታለም ልጅ፣ ያን ጊዜ የነርስ ትምህርቷን እየጨረሰች የነበረችው፣ ሳቋን በመጽሐፍ ሸፈነች። ሚጣ አልሳቀችም። ያንን ቀን ቤቷ ስትደርስ ግን የጀመረችውን ምዕራፍ ቀደደችና የልብስ ስፌት ቤቱን ዕቃ አስተካክላ እንደገና ጻፈችው።

ዓመታት በዚህ ሄዱ። ሚጣ ከሆስፒታሉ በጡረታ ወጣች። አታሚው አሳታሚ ሆነ፣ ሆዱም አብሮት አደገ። ነርሷ አገባች፣ ወለደች፤ ሴት ልጅ። በዚያው ሰሞን ሚጣ ከእህቷ ቤት ማቀዝቀዣ ቅቤ ልታወጣ ከፍታ የጨርቅ መቀሱን ከእንቁላሉ አጠገብ አገኘችው። አውጥታ ያለ ምንም ቃል ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀጥሎ አንድ ደንበኛ ኮቱን ሊወስድ መጣና ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። ኮቱ ሁለት ቀኝ እጅጌ ነበረው። ሰውየው ጨዋ ነው፤ «ቀኝ እጄ ሥራ ስለሚበዛበት አስበሽ ነው» አለ። እታለም አብራ ሳቀች። ሰውየው ሲወጣ ግን ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች።

ሚጣ ያንን ያየችው ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማ ነው። የዜማው ግማሽ በዚህች ሴት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ እንዳለ፣ ያ ጭንቅላት ደግሞ መቀስና እንቁላል መቀላቀል እንደጀመረ አወቀች። እናታቸው ከውሻው በኋላ ምን እንዳለች አሁን ካልተሰማ መቼም አይሰማም።

በሳምንቱ ወደ አሳታሚው ቢሮ ሄደች።

«ባለቁልፉን ልጨርሰው ነው» አለችው።

አሳታሚው መነጽሩን አወለቀ። «ማንን? እኔ ዘንድ ያለውን? ቤቴን ያቆመውን?»

«እሱኑ።»

«እህቴ፣ እሱን ከገደልሽው እኔንም አብረሽ ግደይኝ!»

«ወረፋ ያዝ» አለችው። ከዚያም ነገረችው። ባለቁልፉ በመጨረሻው መጽሐፍ አንድ በር ላይ ይቆማል። እንደ ልማዱ ሊያንጎራጉር ሲል ከውስጥ አንዲት እናት ዜማውን ቀድማ ትጀምራለች። እሱ የሚያውቀውን ሁለት መስመር ትልና ታልፋለች፤ እሱ የማያውቀውን፣ እውነተኛውን መጨረሻ ትላለች። ባለቁልፉ ይሰማል። ደረጃው ላይ ይቀመጣል። ፖሊሶች ሲደርሱ ቁልፉን ጨብጦ እንቅልፍ ወስዶት ያገኙታል።

አሳታሚው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ፣ «ደም የለበትም?» አለ።

«የለበትም።»

«ጉድ ፈላ!» አለና መነጽሩን መልሶ አደረገ። «መጨረሻውስ ምን ይላል? ዜማው?»

«እሱን ገና አላገኘሁትም።»

መጽሐፉን ጻፈችው። እንደሌሎቹ በፍጥነት ሄደላት፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቻ፣ እናትየዋ አፏን በምትከፍትበት ቦታ፣ የሁለት መስመር ባዶ ተወች። ቀሪው ሁሉ አልቋል። ባዶው እንደ ወለቀ ጥርስ ነው፤ ወረቀቱን ባነሳች ቁጥር ዓይኗ እዚያው ይሄዳል።

እህቷን ጠየቀቻት። ቀጥታ ነው የጠየቀቻት፤ ሳህኗን ይዛ እንደቆመች።

«እታለም፣ የእማማ ዜማ ከውሻው በኋላ ምንድነው?»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«ደግሞ ለማን ልትሰጪው ነው? ለሌባ? ለቤት አቃጣይ?»

«ለእናት ነው። መልሼ ልሰጥ ነው።»

«ስትመልሺ አያለሁ።»

«ሳላውቀው ምን እመልሳለሁ? ግማሹን ነው የማውቀው። ተኝቼ ነበርኮ።»

እታለም ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ አስጠጋች፤ አልገባም። እንደገና አስጠጋች። «ጊዜው ሲደርስ» አለች። ሚጣ ፊቷን ተመለከተች። ፊት ማንበብ የምታውቅ መስሏት ነበር፤ ሥራዋ ነዋ። እምቢታ ይሁን ሌላ ነገር ከዚያ ፊት ላይ ማንበብ አልቻለችም። ክሩን ከእህቷ እጅ ወስዳ አስገባችላትና ሄደች።

ሌላም ሳምንት ጠየቀቻት። «ጊዜው ሲደርስ።» ሌላም ሳምንት። አሳታሚው በበኩሉ ይደውላል፤ «ሁለት መስመር አይደል እንዴ የቀረሽ? አንቺ በሁለት መስመር ስንት ሰው ገድለሻል!» ይላታል። እሷም ስልኩን ትዘጋለች። የራሷን ሌላ ግጥም ልትፈጥርበት ትችል ነበር። አልፈጠረችም። አንዴ ፈጥራ ያመጣባትን ታውቃለች።

ነገሩ የሆነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ነርሷ የሆስፒታል ተራዋን ጨርሳ መጥታ ሕፃኗን ከመኪናው አጠገብ ባለ ቅርጫት ውስጥ አስተኝታለች። እታለም የአልጋ ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ነው፤ መኪናው አሁን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ሕፃኗም በእሱ ትተኛለች፤ የቤቱ ደንብ ነው። ጠረጴዛው ላይ የድንችና የካሮት ሾርባ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል ቀርቧል። ሚጣ ሳህኗን ይዛ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ቆማለች።

መብራት ጠፋ።

መኪናው ጨርቁ መሀል ላይ ዝም አለ። ሕፃኗ ወዲያው ዓይኗን ገለጠች፣ ከዚያ አፏን ገለጠች።

«በቃ አለቀልን!» አለች ነርሷ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንደተዘረረች። ተነስታ አቀፈቻት። አዟዟረቻት። ጡት ሰጠቻት፤ አልፈለገችም። «አክስቴ፣ እስቲ አንቺ ሞክሪ።»

«እኔ? ለእኔ እንኳን ሕያው ልጅ፣ ሬሳም አይረጋጋልኝ።»

«ኧረ ወሬሽን ተይና ያዢያት!»

ሚጣ ሳህኗን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጣ ያዘቻት። ሕፃኗ የሹራቧን ቁልፎች አይታ ይባስ ጮኸች። ጎረቤት ግድግዳ አንኳኳ። ነርሷ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች።

«አምጪያት» አለች እታለም።

ከመኪናዋ ተነሳች። ክር የተለጣጠፈበትን ልብሷን አራገፈችና ሕፃኗን ተቀበለች፤ የልጅቱን ራስ በክንዷ ላይ አሳርፋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ትንሽ ቆመች። ከዚያ ለብዙ ዘመን ያልተከፈተ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ባለ ሻካራ ድምፅ ጀመረች።

ተኚ ልጄ ተኚ፣ በራችን ተዘግቷል…

ነርሷ ቀና አለች። እናቷ ስትዘፍን ሰምታ አታውቅም። ሚጣ ሳህኗን አንስታ ነበር፤ ማንኪያው ከሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀረ።

ነፋሱም ደክሞታል፣ ውሻው አንቀላፍቷል…

እታለም እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደች። የሕፃኗ ልቅሶ ወደ ሲቃ ወረደ። ሚጣ ዕድሜዋን ሙሉ ተኝታ ያለፈችበት ቦታ ላይ ነቅታ ቆመች።

ሲጠበቅ የዋለው ከደጃፍ ላይ ቆሟል፣
ቁልፉን በጁ ይዞ ትንፋሽሽን ሰምቷል።

ሳትሰናከል ነው ያለችው። ቃል በቃል፣ ዜማው እንደሚወርድበት አውርዳ፣ መጨረሻው ላይ ዘግየት ብላ። እንደገና አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትል ሕፃኗ አፏን ከፍታ ተኝታ ነበር።

ሚጣ ቃሉን አወቀችው። ያ ቁልፍ ከደረጃ ሥር የተገኘው ሰውዬ ቁልፍ ነው። ራሷ ናት የጻፈችው፤ በምሳ ሰዓት፣ ግማሹ ነጭ ቀለም በተቀባ መስታወት አጠገብ። እናታቸው ይህን ልትል አትችልም፤ ሰውየው ሲሞት እሷ ከሞተች ብዙ ዘመኗ ነው። እናታቸው ከውሻው በኋላ ምን እንዳለች የሚያውቅ ሰው ከእንግዲህ የለም።

እታለም ሕፃኗን ቅርጫቱ ውስጥ አስተኝታ ዞረች። ዓይኗ ረጥቧል፤ ፊቷ ግን ፈክቷል።

«አባባን እኮ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «አውቶቡሱን አሳድሮ ሲመጣ ወዲያው አይገባም ነበር። እንዳይቀሰቅሰን ደጅ ቆሞ ያዳምጣል። ቁልፉን እንደያዘ። አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ የት ታውቂዋለሽ! እኔ ግን እሰማው ነበር።» ከዚያ ፊቷ ላይ አንድ ነገር እንደ ጥላ አለፈ። እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደች። «እንዲህ ነው አይደል እማማ የምትለው ሚጣ? ይሄው ነው አይደል?»

ነርሷ አክስቷን አየቻት። መጻሕፍቱን እሷም ከእናቷ እየተደበቀች አንብባቸዋለች፤ ዜማውን ከነመጨረሻው ታውቀዋለች። አፏን ልትከፍት አለችና የአክስቷን ፊት አይታ ተወችው።

ሚጣ በሐኪሙ ድምፅ፣ ከፍም ዝቅም ሳትል መለሰች።

«ይሄው ነው።»

«ይሄው ነው አይደል?»

«አዎ እታለም። ይሄው ነው።»

እታለም በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው ጻፊው። ግን ለእናትየዋ ስጪያት። ቃልሽ ነው።»

«ለእናትየዋ ነው የምሰጠው። ቦታውን ትቼላታለሁ።»

«ያቺ ደረጃው ላይ በእንቅልፍ የምትጥለው…» ብላ ጀመረችና እታለም ምላሷን ነከሰች።

«ገና ያልታተመውን ደግሞ ማን ነገረሽ?» አለች ሚጣ።

«ሰው ነዋ!» አለች እታለም። «አሳታሚሽ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነበር። ሰው ሲያወራ ጆሮዬን ልድፈነው እንዴ?»

ነርሷ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሕፃኗ እንዳትነቃ።

እታለም ወደ ግድግዳው ሄደች። ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን ኮት አንስታ አልጋው ላይ ጣለችው። ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች፤ አንዱ እግሩ ወለሉ ላይ ተፋቀና ሦስቱም ወደ ቅርጫቱ ዞረው ትንፋሻቸውን ያዙ። ሕፃኗ አልነቃችም። እታለም ወንበሩን ከጠረጴዛው አስጠጋችው፣ መቀመጫውን በቀሚሷ ጫፍ አበሰችው።

«ሾርባው ቀዝቅዟል» አለች። «ላሙቀው?»

«ተይው።»

ሚጣ ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወንበሩን እንደማታውቀው ዕቃ ዳሰሰችው፣ የላላ እንዳይሆን ነካ ነካ አደረገችው፣ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ከዚያ ከፍታ ሲያዩት ሌላ ጠረጴዛ ይመስል ነበር፤ የእህቷም ፊት ቅርብ ነበር። እታለም ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ቁራሽ ወደሷ ገፋችው። ሚጣ ማንኪያዋን አነሳች፣ ድንቹን ከካሮቱ ለየች፣ በላች።